የጠምበለል ገደል

በአፍንጫዬ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ጎንደር አዲስ ዓለም፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ አያቴ፣ ከዚያ አባቴ ሽቶ ሸጡ፤ አሁን ደግሞ እኔ ዘሀራ እሸጣለሁ። ከውጭ የሚመጡትን ሽቶዎች ከነካርቶናቸው እደረድራለሁ እንጂ የሱቃችን ስም የወጣው በዘይት ሽቶ ነው። ዘይቱን ከዘይት እያዋሃድሁ፣ በትናንሽ ጠርሙስ እየሞላሁ ለሙሽራው፣ ለዒዱ፣ ለጥምቀቱ አዘጋጃለሁ። አንድ ሰው በሱቃችን በር ሲያልፍ ምን እንደተቀባ፣ መቼ እንደተቀባ፣ አንዳንዴም ከማን እንደተዋሰ እነግራችኋለሁ።

ያን ጊዜ ግን ስለ ሽቶ አንድ እምነት ብቻ ነበረኝ። ሽቶ ኃይለኛ መሆን አለበት። አባቴ ጥሩ ሽቶ ማለት ባለቤቱ ተነስቶ ከሄደ በኋላ ወንበሩ ላይ የሚቀር ነው ይል ነበር፤ እኔም በዚሁ አደግሁ። እኔው ራሴ ያን ከባድ የእንጨት ሽቶ፣ ዑዱን፣ በዑድ ላይ እየደረብሁ ስለምሄድ አክስቴ «ሽቶሽ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ አንቺ ትመጫለሽ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እንደ ሙገሳ ነበር የምቆጥረው።

አያ መኳንንት የአባቴ የቆየ ወዳጅ ናቸው። ከዳባት ወዲያ፣ ከመኪና መንገድ ወርዶ ብዙ በእግር በሚኬድበት ደጋ የሚኖሩ ገበሬና ንብ አርቢ ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ ማሩ ሲቆረጥ ይዘው ይመጡና እኛ ቤት ያድራሉ። እኛ የሳቸውን ሥጋ እሳቸውም የኛን ባይበሉም፣ ማሩና ጨዋታው ከማንም ዘመድ በላይ አስተሳስሮናል። በዚያ ዓመት ያመጡትን ማር ክዳኑን ስከፍት ከማሩ ሽታ ሥር አንድ ሌላ ሽታ ሽው ብሎ አለፈ። ለስላሳ፣ ቀዝቀዝ ያለ የአበባ ሽታ ነው። ደግሜ አሸተትሁ፣ የለም። ፊቴን አዙሬ ስመለስ እንደገና አለ። ስሙን አጣሁት። እኔ ስሙን የማላውቀው የአበባ ሽታ ይኖራል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ተናደድሁ።

አያ መኳንንት ሳቁ። ጠምበለል ነው አሉኝ፤ ነጭ፣ ትናንሽ አበባ ያለው ሐረግ። በልጅነታቸው በየማሳው ዳር፣ በየአጥሩ ይሳብ ነበር። ከዚያ የከብቱም፣ የፍየሉም፣ የመጥረቢያውም ቁጥር በዛ፤ ጠምበለሉ አለቀ። አሁን የቀረው ፍየልም መጥረቢያም የማይደርስበት ቦታ ብቻ ነው፤ ገደሉ ላይ። ንብ ትደርስበታለች።

ውሰዱኝ አልኋቸው። «ምነው ልጄ፣ ለአበባ ብለሽ?» አሉ። አገሩን፣ የእናንተን ደጋ የሚሸት ሽቶ ልሠራ ነው አልሁ። በዚያ ሰሞን መንገዱ ሰላም ነበርና አባቴ እያቅማማ ፈቀደ፤ በማግሥቱ አብረን በሚኒባስ ወጣን። ባለቤታቸው እትዬ እናትነሽ የተቀበሉኝን አቀባበል ልግለጽ ብል ጽሑፉ በዚያው ያልቃል። ሌሊቱን ቆዳ አንጥፈው፣ በሁለት ጋቢ ጠቅልለው አስተኙኝ። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል እኔና አያ መኳንንት ዳቦ ቋጥረን ወጣን።

መንገዱ በገደሉ አፋፍ አጠገብ፣ ገደሉን በግራ እያስቀረ የሚሄድ ቀጭን የእግር መንገድ ነው። ጥቂት እንደሄድን ያ ከማሩ ሥር ሽው ያለው ሽታ መጣ። አንዴ ሲመጣ አንዴ ሲጠፋ፣ እየተለማመደኝ ይመስል ነበር። ከዚያ አያ መኳንንት አንድ ሰፊ ድንጋይ ላይ በደረቴ አስተኙኝና እግሬን ይዘው «አሁን ወደ ታች እይ» አሉኝ።

አየሁ። ገደሉ ቁልቁል ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ መጨረሻው ቆላው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። የገደሉ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሷል። ሐረጉ ከየስንጥቁ ወጥቶ ይንጠለጠላል፣ አበባው በአበባ ላይ ነው፣ ከቆላው የሚወጣው ነፋስ በዚያ ሁሉ አበባ መካከል አልፎ ፊቴ ላይ ይደርሳል። ኃይል የለውም። ሱቄ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ብከፍት ይሸፍነዋል። ግን ማለቂያ የለውም። ዕድሜዬን በሙሉ በጠብታ ስለካው የኖርሁት ነገር እዚያ ማንም ሳይገዛው፣ ማንም ሳያሸተው፣ ባዶ ገደል ላይ በየዓመቱ ይፈሳል። ሱብሃነላህ አልሁ። ከዚያ አለቀስሁ። አያ መኳንንትም እግሬን እንደያዙ ቆዩ።

ዳቧችንን በልተን፣ ከአፋፉ በእጅ የሚደረስበትን ጥቂት አበባ ለቅመን ስንነሳ ቆላው የለም። ጉም ገደሉን እየቧጠጠ ወደ እኛ ይወጣ ነበር። አያ መኳንንት ቶሎ ቶሎ እንሂድ አሉ። ብዙም አልሄድንም። ጉሙ ከበበንና መጀመሪያ ዛፉ ጠፋ፣ ከዚያ መንገዱ፣ ከዚያ የገዛ እግሬ። ከፊቴ የሚሄዱትን ሰውዬ በነጭ ጋቢያቸው ምክንያት ጭራሽ አላያቸውም፤ በትንፋሻቸው ነበር የምከተላቸው። ቆይተው ቆሙ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሄዱበት መንገድ ነው፣ ግን ከመንገዱ ወጥተናል፣ ወዴት እንደወጣን አላውቅም አሉኝ። ቁጭ ብለን ጉሙ እስኪገለጥ እንጠብቅ ሲሉ ካፊያ ጀመረ።

እዚህ ላይ ነው የሽቶ ነጋዴ ብቻ የሚሠራውን ስህተት የሠራሁት። ስንመጣ መንገዱ ላይ ሽታው ነበር፣ ስለዚህ ሽታውን ካገኘን መንገዱን እናገኛለን ብዬ አሰብሁ። በሱቅ ሕይወቴ ሽታ እየጠነከረ መጣ ማለት ወደምፈልገው ነገር ተጠጋሁ ማለት ነው። እኔ ልምራ አልኋቸው። አመነቱ፤ ግን ብርዱም ካፊያውም እየባሰ ነበርና ተከተሉኝ። ሽታው ቀጠነ፣ ወፈረ፣ ጣፈጠ። ደስ አለኝ። እርምጃዬን ፈጠን አደረግሁ። አንዲት ጠጠር በጫማዬ ገጨሁና ተንከባለለች፤ ስታርፍ የሚሰማውን ድምፅ ጠበቅሁ፤ አልተሰማም።

«ቁሚ» አሉኝ አያ መኳንንት፣ ቀስ ብለው።

ቆምሁ። ነፋሱ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከእግሬ ሥር ነበር የሚመጣው፤ የቀሚሴን ጠርዝ ወደ ላይ ያነሳዋል። ወደ ኋላ እየተራመድሁ ስመለስ እሳቸውም በጉሙ ውስጥ ዞሩ፤ እግራቸው በሁለት ድንጋይ መካከል ገባ፤ እሳቸው ወደቁ፣ እግራቸው እዚያው ቀረ። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት።

እንደምንም አውጥቼ ከአፋፉ ራቅ ወዳለ ቋጥኝ ሥር ጎትቼ አስጠጋኋቸው። ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ እግር አይመስልም። ለመቆም ሞከሩ፣ አልሆነም። ስልኬን አወጣሁ፣ ኔትወርክ የለም። ጮህሁ፤ ጉሙ ድምፄን እዚያው አፌ ላይ ያስቀረዋል። ጋቢያቸው በካፊያው ርሶ ከብዷል፣ ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የጥቅምት ሌሊት እዚያ ደጋ ላይ ምን እንደሚመስል ሌሊቱን በሁለት ጋቢ ሆኜ አይቼዋለሁ። ርሰው፣ እግራቸው ተሰብሮ፣ ያለ እሳት ሊያድሩ አይችሉም። እሳቸውም ያውቁታል። ልቤ እንዳይሸበር ብለው ነው መሰለኝ ስለ በሬያቸው ያወሩልኝ ጀመር።

«አያ መኳንንት፣ ልጠይቅዎ» አልሁ። «ጠምበለሉ ከገደሉ ሌላ የትም የለም?»

«አልነገርሁሽም? አንዲት ዘለላ የለም።»

«ገደሉ ላይስ እስከ መንደራችሁ ድረስ አለ?»

ትንሽ አሰቡ። «እስከ እኛ ሰፈር ለብሶታል። አንድ ቦታ ብቻ ይቋረጣል፤ ናዳ የወሰደው ነው። እዚያ መሬቱም ሸጋ አይደለም።»

ነፋሱን ጠየቅኋቸው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ከቆላ ወደ ላይ ይነፍሳል፣ ስትጠልቅ ይዞራል አሉ። ምን እያሰብሁ እንደሆነ ገባቸው። «ተይ፣ ልጄ፣ ገደል ነው» አሉኝ። አውቃለሁ አልኋቸው። ሽታው የገደሉን ዳር ይነግረኛል። ሲጠነክር ቀርቤያለሁ ማለት ነው፣ እሸሻለሁ። ሲጠፋ ወደ ማሳውና ወደ ሸለቆው ስቻለሁ ማለት ነው፣ እመለሳለሁ። በመጠኑ እየሸተተኝ በቀኝ ጉንጬ በኩል ካስቀረሁት መንደር ያደርሰኛል። ነፋሱ ከመዞሩ በፊት መድረስ ብቻ ነው።

ግን አንድ ነገር ነበር፤ እኔ ራሴ። ከአንገቴና ከእጄ ላይ ዑድ ይተናል፤ የራስ ሻርፔ ደግሞ ለዓመታት ያጠጣሁት ነው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ጠምበለልን መስማት አይቻልም። ድንጋይ ላይ ከተጠራቀመ ውኃና ከጭቃ እያነሳሁ አንገቴን፣ የጆሮዬን ሥር፣ እጄን ፈተግሁ። ሻርፔን ላወልቅ ስል አያ መኳንንት ሳልጠይቃቸው ፊታቸውን አዞሩና አንገታቸው ላይ የነበረውን ፎጣ ወደ ኋላ ዘረጉልኝ። በፎጣው ተሸፈንሁ። የኔን ሻርፕ በደረታቸው ላይ ደርቤ ጠቅልዬላቸው «ኢንሻአላህ ሰው ይዤ እመጣለሁ» አልኋቸው። «እግዜር ይቅደምልሽ» አሉኝ።

ቢስሚላህ ብዬ ተነሳሁ። ዓይኔን ብገልጥም ብጨፍንም ነጭ ስለሆነ ጨፈንሁት። የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች መሬቱን በእግሬ ጣት እየዳሰስሁ ሄድሁ። ከዚያ ሽታው መጣ፣ በቀኝ ጉንጬ፣ እርጥብና ስስ። ሄድሁ። ሲወፍር ወደ ግራ፣ ሲሳሳ ወደ ቀኝ።

ሥራዬን የማታውቁ ሰዎች የማታስቡት አንድ ችግር አለ። አፍንጫ ይለምዳል። የቱንም ያህል ጥሩ ሽታ ቢሆን ጥቂት ከቆያችሁበት ይጠፋባችኋል፤ ሽታው አልሄደም፣ አፍንጫችሁ ሰልችቶታል። ሱቅ ውስጥ ይህ ቢደርስብኝ ደንበኛውን አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጥቼ እመለሳለሁ። እዚያ ግን ሽታው ጠፋብኝ ማለት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ከገደሉ ርቄያለሁ፣ ወይ ገደሉ አፍ ላይ ቆሜ አፍንጫዬ ደክሟል። ስለዚህ በየጊዜው እየቆምሁ የአያ መኳንንትን ፎጣ አፍንጫዬ ላይ አደርገዋለሁ። ጭስ፣ ላብ፣ በሬ ይሸታል። በዚያ ውስጥ ተንፍሼ፣ ተንፍሼ፣ ስገልጠው ጠምበለሉ እንደ አዲስ ይመጣል። እንዲህ እያልሁ ሄድሁ።

ናዳው ጋ ስደርስ አወቅሁት። ፎጣውን ገለጥሁ፣ ምንም የለም። ደግሜ ሸፈንሁ፣ ገለጥሁ፣ የለም። ሽታው የተቋረጠው እዚህ ነው ብዬ አሰብሁ፤ ግን ካልሆነስ? በአራት እግሬ ተንበረከክሁ። እጄ ሣር ሲነካ ወደፊት እሳባለሁ፣ ልቅ አፈር ሲነካ ወደ ግራ እሸሻለሁ። አንዴ መዳፌ የነካው አፈር ተንሸራቶ ሄደ፤ ክንዴ ባዶ ላይ ተንጠለጠለ። በሆዴ ተኛሁ። እዚያ የቆየሁት ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። በዓይነ ሕሊናዬ የማያቸው አያ መኳንንትን ነበር፤ ቋጥኝ ሥር ተቀምጠው ማንም ሳይሰማቸው ስለ በሬያቸው ሲያወሩ። ክንዴን ሰብስቤ መዳህ ቀጠልሁ።

ከዚያ መጣ። በመጀመሪያ የመሰለኝ የገዛ ምኞቴ ነበር። ፎጣውን ሸፍኜ ገለጥሁ፤ አለ። ስስ፣ ቀዝቃዛ፣ በቀኝ ጉንጬ። እዚያ መሬት ላይ ተንበርክኬ እያለሁ የተሰማኝን ከፍርሃት ልለየው አልችልም፤ ግን ከፍርሃት ይበልጥ ነበር። ያ አበባ ለእኔ አልበቀለም። እኔ ሳልወለድም ነበር፣ እኔ ባልመጣም ያብባል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ የማውቀው አንድ ነገር እሱ ብቻ ነበር፣ እሱም በጭራሽ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ አንድ አንድ እርምጃ እየሰጠ ይወስደኛል። ጌታዬ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ለማን ፈጠርኸው እያልሁ ሄድሁ።

ነፋሱ ሲደክም ተሰማኝ። ሽታው እየረገበ፣ እየረገበ መጣ። ፀሐይ የትም አትታይም፤ እየጠለቀች እንደሆነ ያወቅሁት በዚህ ነው። ፈጠንሁ፣ ሮጥሁም። ሽታው ሙሉ በሙሉ ከመጥፋቱ ጋር ከግራ በኩል ሌላ ሽታ መታኝ፤ የኩበት ጭስ። እኔ ስንቱን ዑድ፣ ስንቱን ሚስክ ያሸተትሁ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ኩበት ጭስ የጣፈጠ ነገር አሽትቼ አላውቅም። ውሻ ጮኸ። ወደ ውሻው ሄድሁ።

እትዬ እናትነሽ እኔን በባላቸው ፎጣ ተሸፍኜ፣ ጭቃ ለብሼ፣ ብቻዬን ሲያዩኝ ወደ ደጅ ወጥተው ጎረቤት ጠሩ። ወንዶቹ ችቦና ባትሪ ይዘው፣ ቃሬዛ አዘጋጅተው፣ ነፋሱ ዞሮ ጉሙን ወደ ገደሉ መግፋት ሲጀምር ተነሱ፤ እኔም አብሬ ሄድሁ። መንገዱን ካገኙት በኋላ ለእነሱ ሩቅ አልነበረም። እየተጣሩ ሲሄዱ ከቋጥኙ ሥር የደከመ የውዳሴ ማርያም ድምፅ ተሰማ። በሕይወት ነበሩ። እጃቸው በድን ሆኗል፣ ምላሳቸው ተሳስሯል፤ ልብሳቸውን ቀይረው፣ አሙቀው በቃሬዛ ሲያነሷቸው ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ።

«ይችን ሻርፕ ከላዬ ውሰጅልኝ» አሉ። «እንዲህ ሸትቼ ቤቴ ከገባሁ እናትነሽ እግሬን አይደለም የምትጠይቀኝ።»

ቃሬዛ የተሸከሙት ሁሉ ሳቁ፤ እኔ ግን ስቄ ሳልጨርስ ለቅሶ ሆነብኝ። በማግሥቱ ዳባት ወርደው እግራቸው ታከመ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ስለዚያ ቀን የሚጠይቁኝ ሰዎች እንዴት ተረፋችሁ ነው የሚሉኝ። እኔን የለወጠኝ መትረፋችን ብቻ አይደለም። ስመለስ ሱቄ ውስጥ መቆም አቃተኝ፤ ሁሉም ጠርሙስ በአንድ ጊዜ የሚያወራ መሰለኝ። ዑድ መቀባት ተውሁ። አክስቴ እኔን «ታመመች» ብላ ለሰው አወራች። ቀስ ያለ ነገር ደካማ ይመስለኝ ነበር፤ ያ ስስ ሽታ ግን እጄን ይዞ ሁለት ነፍስ አሻግሯል። ከዚያ ወዲህ ሰው ቀስ ብሎ ሲናገረኝ ጠጋ ብዬ እሰማለሁ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቀስ ብላ ስትናገር የኖረች ሴት ነች፤ ምን ስትል እንደኖረች ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

የለቀምነው አበባ እዚያው ጠውልጎ ቀረ፤ ሽቶውን የሠራሁት ከትዝታዬ ነው። ከጃስሚን ዘይት በጣም ጥቂት፣ ከጦስኝ የጥላው ያህል፣ እርጥብ ድንጋይን የሚያስታውስ ነገር ለመፈለግ ደግሞ ወራት ፈጀሁ። ሠርቼ ደፋሁት፣ ሠርቼ ደፋሁት። አንድ ቀን ይኸው ነው ብዬ እጄን አቆምሁ። አባቴ አሸተተና የት አለ አለኝ። ቆይቶ መለስ ብሎ ደግሞ አሸተተ። ደንበኞች ወደዱት፤ ለስላሳ ነው፣ ገጠር ገጠር ይላል፣ ሰላም ይሰጣል አሉኝ። አመሰገንኋቸው። እውነተኛው እሱ ይሁን አይሁን ግን ሊነግሩኝ የሚችሉ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ።

አያ መኳንንት ከፋሲካ በኋላ እግራቸውን ለማሳየት በትር ተደግፈው ጎንደር መጡ። ሱቁ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ስለ በልጉ ዝናብ ያወሩኝ ነበር። እኔም እያዳመጥሁ፣ ምን እንደሆነ ሳልነግራቸው የአዲሱን ሽቶ ጠርሙስ ክዳን ከፍቼ በአጠገባቸው አሳለፍሁት።

ወሬያቸው መሃል ላይ ተቋረጠ። አንድ እጃቸው የአግዳሚውን ጠርዝ ጨበጠ፤ ሌላው ተወርውሮ ክንዴን ያዘኝ፣ አጥብቆ። ደጅ ባጃጆች ይጮሃሉ፣ ጎረቤት ሱቅ ሬድዮ ተከፍቷል፣ የቆምሁት ሲሚንቶ ወለል ላይ ነው።

«ወደ ኋላ በይ፣ ልጄ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

ወደ ኋላ ተራመድሁ።